ጸናጽሉ ሲያርፍ

ባለፈው ቅዳሜ ከዳላስ ወጣ ባለችው ሳክሲ ውስጥ፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ፣ አንዲት አሜሪካዊት ሴትዮ ከጋራዣቸው ፊት ያለው ድራይቭዌይ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው አሮጌ ዕቃ ይሸጡ ነበር። እኔ ጋራዥ ሴል አይቼ ማለፍ አልችልም። ሰው ሲያናግረኝ ስለማፍር ግን ብዙውን ጊዜ መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቁሜ፣ ሌላ ገዢ እስኪመጣ ጠብቄ፣ ከኋላው ነው የምጠጋው። በዚያ ቀን አንድ ኩባያ አየሁና መጠበቁን ረሳሁት። በገና ጌጥና በልጆች ጫማ መካከል፣ የግብፁ ልጅ ንጉሥ የወርቅ ፊት የታተመበት ጥቁር ኩባያ ተቀምጦ ነበር። ወርቁ ከመታጠብ ብዛት ደብዝዟል፤ አንዱ ዐይኑ ጭራሽ ጠፍቷል። «ንጉሡ ዳላስ የመጣ ጊዜ የገዛነው ነው» አሉኝ ሴትዮዋ። «አንቺ ያኔ ሕፃን ሳትሆኚ አትቀሪም።» ሕፃን አልነበርኩም። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ያንን ኩባያም አውቀዋለሁ። የንጉሡ የመቃብር ዕቃ ለኤግዚቢሽን በመጣበት ሙዚየም ሱቅ ውስጥ ዋጋው ዐሥራ አራት ዶላር ነበር። አባቴ አንሥቶ፣ ገልብጦ ዋጋውን አየና «ንጉሡ ራሱ በዚህ ዋጋ አይጠጣም» ብሎ መለሰው። አሁን አንድ ዶላር ሰጥቼ ወሰድኩት።

ያ ዘመን ሩቅ አይደለም ይሉኛል። ለእኔ ግን ሩቅ ነው። ቤንዚን በሰመር አራት ዶላር ደርሶ ሰውን ካስለቀሰ በኋላ ለገና ከሁለት ዶላር በታች የወረደበት ዓመት ነበር። ባንክ የሰው ቤት ሲወርስ የሚባለውን፣ ፎርክሎዠር የሚለውን ቃል የተማርኩት ከክፍል ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን የምሳ ጠረጴዛ ነው። ስልካችን የሚታጠፍ ነበር፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መደወል ነጻ ስለሆነ ዘመድ ሁሉ የሚናፍቀን ከሦስት ሰዓት በኋላ ነበር። እኛ ተማሪዎቹ ከታች ሰፋ የሚል ጂንስ ለብሰን፣ ሁለት ካናቴራ ደርበን፣ የታችኛው ጫፍ እንዲታይ እንጎትተው ነበር። ሬዲዮኑ ላይ ዘፋኙ ሁሉ ድምፁን በማሽን አጠማዝዞ ነው የሚዘፍነው። አባቴ አንዱን ሰምቶ «ይሄ ልጅ ምነው፣ ውኃ ውስጥ ወድቋል?» ብሎ ነበር። የእኛ አሮጌ ነጭ መኪና ካሴት ማጫወቻ ነበራት። አባቴ ገና ተማሪ ሳለ መምህሩን የቀዳበት አንድ ካሴት አለ፤ ማጫወቻው እየበላው ብዙ ቦታ ተቆራርጧል። በተቆረጠው ቦታ ላይ አባቴ ራሱ ይሞላዋል፤ ቴፑ ተመልሶ ሲናገር አንድም ቀን ተላልፈው አያውቁም።

አባቴ መሪጌታ ይትባረክ ይባል ነበር። በሱዳን በኩል ነው የመጣው። ዳላስ ውስጥ የሆቴል ሻትል እየነዳ ሰው ከኤርፖርት ያመላልሳል። እኔ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ስገባ ባቡር የለም፣ አውቶቡስም የለ፣ መንጃ ፈቃድ ለመፈተን ደግሞ ከፈታኙ ጋር ብቻዬን መኪና ውስጥ መቀመጥ ስለፈራሁ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያደርሰኝ እሱ ነበር። እሑድ ግን ሌላ ሰው ነው። ጋርላንድ ውስጥ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጎን ለቤተ ክርስቲያናችን በተከራየነው አዳራሽ፣ ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ መቋሚያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በቀኝ እጁ ጸናጽሉን ይዞ በማሕሌቱ በቀኝ ረድፍ ራስ ላይ ይቆማል። ከፊቱ፣ በግራ ረድፍ ራስ፣ የልጅነት የትምህርት ጓደኛው መሪጌታ ልሳኑ ይቆማል። ልሳኑ ታክሲ ነጂ ነው። ከሻትሉ ሥራ ቢያስወጡት አባቴ ሌላ ሻትል አያጣም ነበር። ከዚያ ረድፍ ቢወጣ ግን፣ በዚህ አገር ውስጥ ሌላ የሚቆምበት ቦታ እንዳልነበረው ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያ ዓመት የጥንቱን ዓለም ሥነ ጥበብ እማር ነበር። ፕሮፌሰሯ የግብፅ አማልክት ከአገራቸው ወጥተው የት የት እንደደረሱ ስታስተምር፣ ኢሲስ የምትባለው እናት አምላክ በመርከበኞች ዕቃ መካከል ወደ ግሪክ ደሴቶች፣ ከዚያ ወደ ሮም፣ ከሮምም ዝናብ ወደማያባራበት ሰሜን እንደተሻገረች ነገረችን። በደቡብ በኩል ደግሞ ዐባይን ይዛ ወደ ዛሬዋ ሱዳን፣ ወደ ኖባ ወጥታለች። ከዚያ የክፍሉ መብራት ጠፋና ስክሪኑ ላይ አንድ ፎቶ ታየ፤ ከኢጣሊያ አፈር የወጣ የነሐስ ዕቃ። እጀታ፣ ከላይ እንደ ቅስት የታጠፈ ብረት፣ በመካከሉ የሚንቀሳቀሱ አግዳሚ ዘንጎች። «ይህ መሣሪያ በአምላኳ ፊት የሚንሿሿ ነበር» አለች ፕሮፌሰሯ። «ድምፁ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ የምናውቀው በግምት ነው።» እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ከእናቴ ድምፅ ቀጥሎ የማውቀው ድምፅ እሱ ነው፤ የጸናጽል ድምፅ። እጄን ግን አላነሣሁም። ያን ዓመት በማንም ክፍል ውስጥ እጄን አላነሣሁም። የትምህርቱን ማጠቃለያ ጽሑፌን በእሱ ላይ ለመጻፍ ወሰንኩ።

መኪና ውስጥ ስነግረው አባቴ ዐይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። የተቆጣ መሰለኝ።

«የቱ አገር ተገኘ አልሽኝ?»

«ሮም አካባቢ፣ አባዬ። ግብፅ ውስጥ ግን ከዚያ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ቀድሞ ነበር። ሶ፣ ወደ እኛም የመጣው በዚያው መንገድ ሊሆን ይችላል። ማለቴ፣ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። በኖባ በኩል ይሆናል፣ ከግብፅ ክርስቲያኖችም ሊሆን ይችላል።»

«በጣዖት ፊት ይንሿሿ ነበር?»

«አዎ።»

አውራ ጎዳናው ላይ አንድ ትልቅ መኪና አሳለፈን። «እንግዲህ ተጠመቀ ማለት ነው» አለ። «እኛስ ከመጠመቃችን በፊት ምን ነበርን?» ከዚያ የጸናጽሉ ሁለት ቋሚዎች ብሉይና ሐዲስ፣ አግዳሚዎቹ የያዕቆብ መሰላል መሆናቸውን፣ በልጅነቴ መቶ ጊዜ የነገረኝን፣ እንደ አዲስ ነገረኝ። እኔም እንደ አዲስ ሰማሁት። ልወርድ ስል፣ «ያ ሙዚየም ያለው ዕቃ፣ መጥቷል የሚሉት፣ እዚያ ውስጥ ጸናጽል ይኖር ይሆን?» አለኝ።

ቲኬቱ ለእኛ ውድ ነበር፤ እናቴ አረጋውያን ከምትጦርበት ነርሲንግ ሆም በትርፍ ሰዓት ካገኘችው ሰጠችን። ወርኃ ጽጌ ነበር፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት ወራት። አባቴ ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ነጠላውን አጥፎ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። «ለምንድን ነው?» ስለው «ግብፅ ነው የምሄደው» አለኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። በየጆሯችን ላይ የሚናገር ማዳመጫ ሰጡን፤ የአባቴ ማዳመጫ ሁልጊዜ ከቆመበት ሣጥን አንድ ክፍል ይቀድም ስለነበር፣ ወንበር እያየ ስለ ጀልባ ይሰማ ነበር። በወርቁ ብዙም አልተደነቀም። እጀታ ያለው መስቀል የሚመስለውን የሕይወት ምልክት ባየ ቁጥር ግን «መስቀል ነው!» እያለ ክርኔን ይነካኛል። መስቀል አይደለም፤ የግብፅ ክርስቲያኖች ግን በኋላ ወስደው መስቀል አድርገውታል። ያንን ስነግረው ደስ አለው፤ «አላልኩሽም?» አለ። ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የምታጠባ የኢሲስ ትንሽ ሐውልትም ነበረች። አንዳንድ ሊቃውንት የእመቤታችን ሥዕል ከዚህች የመጣ ነው እንደሚሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ይህን እንደማይቀበሉ ጠንቀቅ ብዬ አስረዳሁት። አባቴ ጎንበስ ብሎ አያት። «እናት ናት» አለ። «እናት ልጅ ከማጥባት ሌላ በምን ትሣል?»

ጸናጽሉ ከወርቁ ክፍል ራቅ ብሎ በአንድ ትንሽ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ብቻውን ነበር። ሰው አልተሰበሰበበትም። እጀታው ላይ የላም ጆሮ ያላት የሴት ፊት ተቀርጿል። ከዘንጎቹ አንዱ ወልቋል። አባቴ ማዳመጫውን አወለቀ፤ ቀኝ እጁን በመስታወቱ ላይ አሳርፎ ቆመ። ያኔ ነው የሰማሁት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የጋብቻ ቀለበቱ መስታወቱን ይመታ ነበር። መጀመሪያ ሆን ብሎ፣ በውስጡ የያዘውን ዜማ እየመታ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ግን ምት አልነበረውም። ጥበቃው መጥቶ «ሰር፣ እባክዎ መስታወቱን አይንኩ» ሲለው አባቴ እጁን አነሣ፤ ሲያነሣው ጸጥ አለ፤ ጎኑ ላይ ሲያሳርፈው እንደገና ጀመረ። አባቴ አየኝ። እጁን ኪሱ ከተተው። «ምስኪን» አለ ወደ ሣጥኑ እያየ፤ «ስንት ዘመን ዝም አለ።»

ያንን ዕቃ አሁንም በሕልሜ አያለሁ። የራሳችን ጸናጽል ዛሬ ሳክሲ ሳሎኔ ውስጥ፣ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቀምጧል። የልብስ ማጠቢያው ጨምቆ ሲሽከረከር ቤቱ ትንሽ ይንቀጠቀጥና ቁም ሣጥኑ ውስጥ ይሰማል። ልጄ «ማሚ፣ ኢት ኢዝ ዱዪንግ ኢት አጌን» ትላለች፤ እንደገና ጀመረው ማለቷ ነው። እኔ ያለሁበት ክፍል ውስጥ ሆኜ ማጠቢያው እስኪቆም ሥራዬን አቁሜ እጠብቃለሁ።

ሙዚየም በሄድን በሳምንቱ እሑድ አባቴ በማሕሌት ቆመ። ሁሉም ነገር ያምር ነበር። ሲያንሿሿ እጁ የወጣት እጅ ነው፤ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ታች። ከዚያ ዜማው አረፈ። ሁሉም ጸናጽሉን ወደ ጎኑ አውርዶ፣ አዳራሹ ጸጥ ብሎ፣ ቄሱ ሊጸልዩ ሲጀምሩ፣ አንድ ጸናጽል ሳያርፍ ቀረ። ትንሽ ድምፅ ነበር፤ ሳንቲም በኪስ ውስጥ እንደሚያንሿሿ። ሰው ዘወር አለ። ጸሎቱ ረጅም ነበር። አባቴ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር፤ እኔ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ የአንገቱን ሥር አይ ነበር።

ምሳ ላይ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። አባቴ ሙዚየም መሄዱን በደስታ ለሁሉም አውርቶ ስለነበር፣ ነገሩን ማገናኘት ከባድ አልነበረም። ወጥ የሚያወጡት እትዬ ጥሩ ሳህኔን ይዘው ቀረብ አሉኝ። እትዬ ጥሩ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ አርሊንግተን የገባሁ ዕለት እልል ያሉልኝ እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ጣዖት ፊት ቆሞ ነው የመጣው አሉ። እውነት ነው?»

«ሙዚየም ነው፣ እትዬ።»

«እጁን አሳርፎበታል አሉ።»

«መስታወቱ ላይ ነው።»

«መስታወት ምን ያግደዋል?» አሉ። «አልቆጣሽም። ግን ይሄን ትምህርት ወደ ነርሲንግ ብትለውጪው ምናለበት?»

በሚቀጥለው ሳምንት በወተት ጋሎን ሙሉ ጠበል ይዘው ቤታችን መጡ። አባቴ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ጠጣ፤ ተጠመቀ፤ አመሰገነ። ከዚያ በቀስታ፣ «እትዬ ጥሩ፣ በዚህ በጽጌ ወራት የምናዜመው ስለ ምንድን ነው?» አላቸው። «ስለ ስደቷ ነዋ፣ መሪጌታ።» «ወዴት ነበር የተሰደደችው?» እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ወደ ግብፅ።» «እህ፣ ያኔ ግብፅ ማን ነበር ያለው?» አላቸው። «ጣዖት ብቻ ነበር። ልጇን ይዛ እዚያ ነው ያደረችው።» እትዬ ጥሩ ትንሽ አሰቡና «እሷ እሷ ናት፤ አንተ አንተ ነህ» አሉ። አባቴ ከሳቀ ሰንብቶ ነበር፤ ያን ቀን ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። እንግዳዋ ከሄዱ በኋላ ጋሎኑን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችና «ከፋሲካ ጀምሮ አይቼዋለሁ» አለች። «ቴሌቪዥን ስታይ፣ ጭንህ ላይ። እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ እጅ ያለውን ሰው ነው ሾርባ የማበላው።» አባቴ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። «ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ» አለች። የምሥራቅ ዳላሱ ሐኪም ኮሪደር ላይ አስኬደው፤ ጣቶቹን እንዲያጋጭ፣ ክብ እንዲሥል አደረገው። ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ በሽታ ነው አለን። የማልረሳው አንድ ነገር ነገረን፦ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ደህና ነው፤ ሲያርፍ ነው የሚንቀጠቀጠው። አባቴ እስክተረጉምለት አልጠበቀም። ያንን ያውቀው ነበር።

ስለ መንዳቱ አልጨነቀውም፤ መሪው ላይ እጁ ጸጥ ይላል። የጨነቀው ዜማው የሚያርፍበት ጊዜ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ዘዴ ይዞ ይመጣል። በዘንጎቹ ላይ የጸጉር ላስቲክ ጠመጠመ፤ ያኔ ሲያንሿሿም አልሰማ አለ። ሲያርፍ ደረቱ ላይ ለጥፎ ያዘው፤ ደረቱ አብሮ ይንቀጠቀጣል። በግራ እጁ ጨበጠው፤ መቋሚያው ወደቀ። ከዚያ አንድ እሑድ መሪጌታ ልሳኑ የስንት ዓመት የግራ ቦታውን ትቶ ተሻገረና ከአባቴ ጎን ቆመ። ቄሱ ገርሟቸው ሲያዩት «አባ፣ ጆሮዬ ደክሟል፤ ከዚያ ማዶ አይሰማኝም» አላቸው። ጆሮው ከሁላችንም የተሻለ ነበር። ዜማው ሊያርፍ ሲል ልሳኑ ሳያየው እጁን ይዘረጋል፤ አባቴ ጸናጽሉን ያቀብለዋል፤ ሊነሣ ሲል ልሳኑ ይመልስለታል። ከሩቅ ለሚያይ የሥርዐቱ አካል ነበር የሚመስለው። ማሕሌት የሚማሩት ልጆች ሁለቱ ሲያደርጉት አይተው እርስ በርሳቸው መቀባበል ጀምረው ነበር።

ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ። መኪና ውስጥ ልሳኑ ከኋላ ተቀምጦ ያሾፍበታል። «አንተ ሰውዬ፣ ተማሪ ሳለን እንቅልፍህ ሲመጣ መቋሚያህን እይዝልህ ነበር። ዛሬም እኔው ነኝ። መቼ ነው የምትገላግለኝ?» አባቴም «በቆሎ የሰረቅኩልህን ስትከፍለኝ» ይለዋል። እኔ ከፊት ሆኜ ጽሑፌን በሐሳቤ እሠራ ነበር። በዐባይ ደሴት ላይ ያለው የኢሲስ መቅደስ ከሁሉም ዘግይቶ እንደተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ጸናጽሉ በየት አልፎ እንደመጣ መጽሐፎቹ በእርግጠኝነት እንደማይናገሩ አሰላስል ነበር። ጽሑፉን አስገባሁ። ፕሮፌሰሯ ዳሩ ላይ «ከዚያ በኋላስ የት ደረሰ?» ብላ ጽፋበት መለሰችልኝ። ጋርላንድ ብዬ መመለስ አፈርኩ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። በጾም ከበሮም ጸናጽልም አይሰማም፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ነው። ጸናጽሎቹ ሁሉ ተጠቅልለው ሣጥን ገቡ፤ የአባቴም ከሌሎቹ ጋር ገባ። ሁለት እጁን መቋሚያው ላይ ሲያሳርፍ መንቀጥቀጡ አይታይም። ሁሉም እኩል ዝም ባለበት መካከል ቆሞ፣ ድምፁ እንደ ድሮ ሆነ፤ እንዲያውም ከድሮው ይበልጥ የጠለቀ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ «ጾሙ ትንሽ ቢረዝም» አለ። ልሳኑ ከኋላ «እግዚኦ!» አለ፤ «ሰው ሁሉ ሥጋ ሲያልም ጾም የሚመኝ ሰው አየሁ።» ሁላችንም ሳቅን። አባቴም ሳቀ። እናቴ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የሚያልፈውን ሱቅ ሁሉ አንድ በአንድ ታይ ነበር።

ፋሲካ ሆነ፤ ሣጥኑ ተከፈተ። በዳግም ትንሣኤ እሑድ ጠዋት አዳራሹ በነጭ ልብስ ሞልቶ ነበር፤ ከጥርስ ሐኪሙ ቤት ፊት ያለው ፓርኪንግ ሁሉ ሞልቶ ሰው ሣር ላይ ፓርክ አድርጓል። አባቴና ልሳኑ ጎን ለጎን ቆሙ። የመጀመሪያው ዜማ ተነሣ፤ ከጾሙ ዝምታ በኋላ የጸናጽሉ ድምፅ ሰውነቴን ወረረው። የአባቴ እጅ ወጣ፣ ወረደ፤ እንዲያ ሲያምር አይቼው አላውቅም። ዜማው ሊያርፍ ሲል ልሳኑ እንደለመደው እጁን ዘረጋ፤ አባቴ አቀበለው። ቄሱ ጸለዩ። ጸጥ አለ። ጸሎቱ አበቃና ልሳኑ ጸናጽሉን ሊመልስለት ዘረጋ።

አባቴ እጁን አልዘረጋም። ሁለቱንም እጁን መቋሚያው ላይ እንዳሳረፈ ነበር። ልሳኑ ያላየው መስሎት፣ ጸናጽሉን ትንሽ ቀረብ አደረገለት። አባቴ ዘወር ብሎ አየው፤ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፤ ከዚያ ዜማውን በአፉ ብቻ አነሣ። ልሳኑ በአንድ እጁ የራሱን፣ በሌላው የጓደኛውን ጸናጽል ይዞ ቆሞ ቀረ። ሰው ሁሉ ሲያንሿሿ እሱ የራሱን በቀኝ እጁ ያንቀሳቅሳል፤ የአባቴን ግን በግራ እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞት ነበር። ያን ቀን እስከ መጨረሻው የአባቴ ጸናጽል አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰማም። ፍጹም ዝም ብሎ ነበር።